ስንት ሆነን ወጣን? ስንት ሆነን ተመለስን?



እንደሚታወቀው የማስተማር ልምምድ ወቅት በደረሰ ቁጥር እኛ እጩ መምህራን የትምህርት ዕቅዳችንን በደረታችን አቅፈን በየወረዳው እንበተናለን። ከመካከላችን 18 የምንሆነው የተመደብነው ዲክሲስ ነበር። ዲክሲስ የስንዴና የገብስ አገር ናት፤ ነፋሱ ብርቱ፣ ሰዉ ደግ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው የጋላማን ተራሮች ተጋድመው ያያል። እኛም ከክፍል መስኮት በየቀኑ እያየናቸው «አንድ ቅዳሜ መውጣት አለብን» ስንባባል ሰነበትን። በመጨረሻም ወጣን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን የዚያ ቅዳሜ ነገር ነው።

ዓላማችን ጀብዱ ለማውራት አይደለም፤ ማንንም ለመውቀስም አይደለም፤ ጥፋቱ የራሳችን ነበርና። ነገር ግን ነገ በየደጋው ትምህርት ቤት ተመድበን፣ 40 እና 50 ሕፃናት አስከትለን «የአካባቢ ሳይንስ ጉብኝት» እያልን ሽቅብ የምንወጣው እኛው ነን። እኛ ያየነውን እነዚያ ሕፃናት እንዳያዩት ስንል፣ የሆነውን በአጭሩ ተርከን፣ ከዚያም ከመጻሕፍትና ከመምህራኖቻችን ያገኘነውን ትምህርት በየርእሱ እናቀርባለን።

የዚያ ቅዳሜ ነገር

ወሩ መጋቢት ነበር። በአይሱዙ የጭነት መኪና እስከ ግርጌው ሄደን፣ በእግር መጓዝ ስንጀምር ሰዓቱ ከጧቱ 4 ሰዓት ሆኗል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ግማሾቻችን የለበስነው ቲሸርትና የጥጥ ጃኬት፣ የተጫማነው ሸራ ጫማ ነው። ምግባችን ሁለት ፌስታል ዳቦና ጥቂት ቆሎ። መሪ አልመረጥንም፤ የምንመለስበትን ሰዓትም አልወሰንንም። «ምን ችግር አለው፣ ብዙ ነን እኮ!» ነበር የሁላችንም አነጋገር።

ሁለት ሰዓት እንደሄድን ሰልፋችን ተበጣጠሰ። ጉልበት ያላቸው ፊት ቀደሙ፣ ጨዋታ የያዙት መሐል ቀሩ፣ የደከሙት ኋላ ተንጠባጠቡ። ከኋለኞቹ አንዷ ከስምጥ ሸለቆ ቆላ የመጣች ባልደረባችን ነበረች። ዲክሲስ ከገባች ገና አራተኛ ቀኗ ነው። ራሷን ያማታል፣ ያቅለሸልሻታል፤ ነገር ግን «የሰው ደስታ አላበላሽም» ብላ ዝም አለች።

ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ አስታው መሐል እንዳለን፣ ጉሙ በአንድ ጊዜ ከበበን። ቀጥሎ በረዶ ወረደ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሩጫ ብቻ ነው። እያንዳንዳችን አጠገባችን ያለውን ጓደኛ ይዘን ቁልቁል ሮጥን። ግርጌው ስንደርስ 10 ሰዓት ሆኖ ነበር። አንዱ ነገሩ ከንክኖት መቁጠር ጀመረ፤ አሥራ ሰባት። ደግመን ቆጠርን፤ አሥራ ሰባት። ፊተኞቹ «ከኋለኞቹ ጋር ናት» ብለው፣ ኋለኞቹ «ቀድማናለች» ብለው አስበው ነበር።

ሁለት ልጆች ባትሪ እንኳ ሳይዙ ሽቅብ ሮጡ። ዕድላችን ሆኖ በጎቹን እየነዳ የሚወርድ አንድ እረኛ አገኙና እሱ መራቸው። ዕድሜው ከ12 አይበልጥም። ባልደረባችንን አንድ የአስታ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጣ አገኟት። ልብሷ በስብሷል፣ መንቀጥቀጥ አቁማለች። «ተዉኝ፣ ትንሽ ልተኛ» ትላለች፤ ቃላቱ በአፏ ውስጥ እየተጎተቱ ነው የሚወጡት። ደግፈውና ተሸክመው በአቅራቢያው ወዳለ ጎጆ አወረዷት። የቤቱ እመቤት እርጥቡን ልብስ አስወልቀው በብርድ ልብስ ጠቀለሏት፣ ሁለት ሴቶች ባልደረቦቻችን ግራና ቀኝ አቅፈዋት ተኙ፤ አእምሮዋ ሲመለስ ትኩስ ወተት ተሰጣት። እነሆ ዛሬ ደኅና ናት። ይህንም ጽሑፍ ከእኛ ጋር ሆና አርማለች።

ማታ እሳቱን ከበን ሳለን እረኛው ልጅ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀን። «እኔ በጎቼን ጧት ሳወጣ እቆጥራለሁ፣ ማታም ሳስገባ እቆጥራለሁ። እናንተ አስተማሪዎች ናችሁ ይላሉ። መቁጠር አታውቁም እንዴ?» አለን። መልስ የሰጠ አልነበረም።

1. ብርድ የሚገድለው በረዶ አገር ብቻ አይደለም

ብዙዎቻችን «ብርድ ሰው የሚገድለው በፈረንጅ አገር ነው» ብለን እናስባለን። ይህ ስሕተት ነው። ከባሕር ወለል እየራቅን በወጣን ቁጥር፣ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ለምሳሌ ያህል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አሰላ ከሰዓት በኋላ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጭላሎ ራስ ላይ ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። ይህም ነፋስና ዝናብ ሳይጨመሩበት ነው። ጋላማና ካካም ከዚህ የሚያንሱ አይደሉም፤ ሁለቱም ከ4,000 ሜትር ያልፋሉ።

የሰው ገላ ውስጣዊ ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋው ጀመረ ማለት ነው። ምልክቶቹ በቅደም ተከተል የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ. ሰውየው ይንቀጠቀጣል፤ ጣቶቹ ዚፕ መሳብ፣ ማሰሪያ ማሰር ያቅታቸዋል።
ለ. ይደናቀፋል፤ አነጋገሩ ይጎተታል፤ ያጉረመርማል ወይም ጭራሽ ዝም ይላል።
ሐ. መንቀጥቀጡ ይቆማል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል።

እዚህ ላይ ሁላችንም ልብ እንበል! መንቀጥቀጥ ማቆም «ተሻለው» ማለት አይደለም። ገላው ራሱን ለማሞቅ የነበረው ኃይል አለቀ ማለት ነው። እኛ ይህን ባለማወቃችን፣ ያገኟት ልጆች መጀመሪያ ላይ «ተመስገን፣ ብርዱ ለቋታል» ብለው ነበር።

መደረግ ያለበት ግልጽ ነው። ከነፋስ መከለል፤ እርጥቡን ልብስ ማውለቅ፤ ደረቅ ነገር አልብሶ ራስንና አንገትን ጭምር መጠቅለል፤ በሰው ገላ ማሞቅ፤ አእምሮውን የሚያውቅና መዋጥ የሚችል ከሆነ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ማጠጣት። በጣም የቀዘቀዘውን ሰው ስንሸከም ቀስ ብለን፣ ሳናንገጫግጭ ይሁን። እጅና እግሩን አጥብቆ ማሸት ወይም እሳት ላይ ማስጠጋት አይገባም። አረቄ ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥም። አረቄ «ያሞቃል» የሚባለው ደም ወደ ቆዳ ስለሚያወጣ ነው፤ ያ ደም ቀዝቅዞ ሲመለስ የቀረውን የውስጥ ሙቀት ይዞት ይሄዳል።

ልብስን በተመለከተ የጥጥ ልብስ ደረቅ ሳለ ጥሩ ነው። ከረጠበ ግን ውሃ ይዞ ሙቀት ያሟጥጣል። የሱፍ ሹራብ ረጥቦም ቢሆን የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። ውድ የዝናብ ልብስ ከየት እናምጣ የሚል ካለ፣ የአርሲ እረኛ መልሱን ከያዘ ቆይቷል። ውስጡ ላስቲክ ያለው የማዳበሪያ ከረጢት አንዱ ማዕዘን ወደ ውስጥ ታጥፎ ራስ ላይ ሲደፋ ዝናብም ነፋስም ይመክታል። በዚያ ቅዳሜ ከመካከላችን አንድ እንኳ ማዳበሪያ የያዘ አልነበረም።

2. ከፍታና ራስ ምታት

አየሩ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይሳሳል። በ4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ከነበረው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ገላው ለምዶታል። ከዴራ፣ ከዶዶታ ወይም ከዝዋይ የመጣ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ሲሆን ሊታመም ይችላል። ይህ የጉብዝና ወይም የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ ብርቱ ስፖርተኛም ይታመማል።

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካምና ማዞር ናቸው። እነዚህ የታዩበት ሰው ከዚያ በላይ መውጣት የለበትም። ካልተሻለው ይውረድ። እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ መቃዠት፣ ተቀምጦም ሳለ ትንፋሽ ማጠርና ሳል ከመጡ ግን ነገሩ አንጎልን ወይም ሳንባን ነክቷል ማለት ስለሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ማውረድ ያስፈልጋል። ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። ብቻውን ግን አይላክም!

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሳ። በ4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነው። የምንጭ ውሃ አፍልተን የምንጠጣ ከሆነ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜም ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

3. ሰዓትን በሒሳብ እንጂ በግምት አንያዝ

ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 (እ.ኤ.አ.) አንድ ቀላል ስሌት አውጥቶ ነበር፤ እስካሁንም ይሠራበታል። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ በተጨማሪም ሽቅብ ለሚወጣው ለየ600 ሜትሩ 1 ሰዓት ይያዛል። ለምሳሌ 15 ኪሎ ሜትር መንገድና 1,500 ሜትር ሽቅብ ያለው ጉዞ እናስብ። 15 ለ5 ሲካፈል 3 ሰዓት፤ 1,500 ለ600 ሲካፈል 2 ሰዓት ተኩል። ድምሩ 5 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይህ እንግዲህ ዕረፍት የሌለው የብርቱ ሰው አካሄድ ነው። ለእንደኛ ዓይነቱ ቡድን ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል እንጨምርበት፤ 7 ሰዓት። ከጧቱ 12 ሰዓት የተነሣ ቡድን ጫፍ የሚደርሰው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። በ4 ሰዓት የተነሣው ደግሞ በ11 ሰዓት! ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ማለት ነው። እኛ ይህን አራት መስመር ሒሳብ ከመነሣታችን በፊት ወረቀት ላይ ብናሰፍር ኖሮ ያን ቀን አንወጣም ነበር።

ስለሆነም የመመለሻ ሰዓት ከመነሻው በፊት ይወሰን። ለምሳሌ «6 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን እንመለሳለን» ከተባለ፣ ጫፉ መቶ ሜትር ቢቀረውም መመለስ ነው። ተራራው የትም አይሄድም፣ በሌላ ቅዳሜ ይገኛል። በበልግና በክረምት ደመና የሚጠራቀመው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ማልዶ መነሣት ከመብረቅም ያድናል።

4. መብረቅ፣ ጉምና ጎርፍ

ብልጭታውን ካየን በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ሴኮንድ እንቁጠር። ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ መብረቁ ሊደርስብን ይችላል። ያን ጊዜ ከሸንተረሩና ከጫፉ ቶሎ መውረድ፣ ለብቻው ከቆመ ዛፍ መራቅ፣ ተበታትኖ መቆየት ነው። ተቃቅፎ መቆም አይገባም፤ አንዱን የመታው ሁሉንም ይመታልና። ጉዞው የሚቀጥለው የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው።

ጉም ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ተሰብስቦ፣ ተቆጥሮ፣ አንዱ አንዱን እያየ መሄድ ይገባል። ጠዋት በድንጋይ ላይ ዘለን ያለፍነው ወንዝ ከዝናብ በኋላ ከሞላ፣ እስኪጎድል መጠበቅ እንጂ መዳፈር አያስፈልግም።

5. ብዛት ብቻውን ኃይል አይሆንም

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። እውነት ነው፤ ካበረ! 18 ሰው በየፊናው ሲሄድ ግን ከአንድ ብቸኛ መንገደኛ ይብሳል። ምክንያቱም ብቸኛው ሰው ለራሱ ያስባል። በቡድን ውስጥ ግን እያንዳንዱ «ሌላው ያስብበታል» ይላል። ሁለተኛው ጠንቅ ይሉኝታ ነው። ደከመኝ ለማለት ይታፈራል፤ እንመለስ ለማለትም ይታፈራል። ባልደረባችን ያን ቀን ልትሞት የደረሰችው በተራራው ብቻ ሳይሆን በይሉኝታም ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ቃል ለተራራም ይሠራል።

ስለሆነም የሚከተለውን የቡድን ሥርዓት እናቀርባለን፦

ሀ. ከመነሣት በፊት አንድ መሪና አንድ የኋላ ጠባቂ ይመረጡ። ማንም ከመሪው አይቀድም፣ ማንም ከኋላ ጠባቂው አይቀር። የኋላ ጠባቂው ከቡድኑ ብርቱው ይሁን።

ለ. እርምጃውን የሚወስነው ቀርፋፋው ሰው ነው። እሱም ከመሪው ቀጥሎ ይሰለፍ። ፈጣኖች ቆመው ጠብቀውት ገና ሲደርስ «እንሂድ» ማለት ለእነሱ ዕረፍት ሰጥቶ እሱን ከዕረፍት ውጪ ማድረግ ነው።

ሐ. እያንዳንዱ ተራ ቁጥር ይያዝ። በየዕረፍቱ፣ በየመታጠፊያውና ጉም በመጣ ጊዜ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ራሱ ይጥራ። በተጨማሪ ሁለት ሁለት ሆነን ጥንድ እንያዝ፤ ጥንዱን ያጣ ወዲያው ይጩህ።

መ. በየሰዓቱ መሪው «ማን አመመው? ማን በረደው?» ብሎ በስም እየጠራ ይጠይቅ። በጅምላ ሲጠየቅ ሁሉም «ደኅና ነን» ይላል። በስም ሲጠየቅ ግን እውነቱ ይወጣል።

ሠ. የተጓዦቹ ስም፣ መንገዱና የመመለሻው ሰዓት ተጽፎ ለሚቀር ሰው ይሰጥ። የእጅ ስልክ ላይ ብቻ መተማመን አይበጅም። በየሸለቆው ኔትወርክ የለም፤ ባትሪውም በብርድ ቶሎ ይወርዳል።

ረ. ፊሽካ ይያዝ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ ከዚያም መድገም ዓለም አቀፍ የድረሱልን ጥሪ ነው። መልሱ ሦስት ጊዜ ነው።

ሰ. የአገሩን ሰው መንገድ መሪ ማድረግ። ካርታ ላይ የሌለውን ምንጭና ዋሻ እረኛ ያውቀዋል።

ለስንቅ በሶ፣ ጭኮና ዳቦ ቆሎ ተመራጭ ናቸው። በተለይ ጭኮ፣ የገብስ ዱቄትና ቅቤ በመሆኑ፣ ጥቂቱ ብዙ ሙቀት ይሰጣል። ውሃ፣ ባትሪ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ክብሪትና አንድ ደረቅ ትርፍ ሹራብም ይያዝ። ሹራቡ የቡድኑ ነው፣ ለቀዘቀዘው ሰው።

6. ብርቱ እግር ብርድን አያስመልጥም

አርሲ የእነ ኃይሌ፣ የእነ ደራርቱ፣ የእነ ቀነኒሳ አገር ስለሆነች፣ «እኛ የሯጮች ልጆች ነን፣ ብርድ ምን ያደርገናል» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልሱ ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቻይና ጋንሱ ግዛት የሆነው ነው። በዚያ ቀን 172 ሯጮች በተራራማ ስፍራ 100 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ተነሡ። አብዛኞቹ የለበሱት ቁምጣና ስስ ካናቴራ ነበር፤ የነፋስ መከላከያ ልብስ የግድ አልተባለም ነበርና። ተራራው ላይ ሳሉ በረዶ፣ ቀዝቃዛ ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ ወረደባቸው። 21 ሰዎች ሞቱ። ከእነሱም መካከል ሊያንግ ጂንግ የተባለ በረጅም ርቀት ሩጫ ስመ ጥር የሆነ ሰው ይገኝበታል። ከዚያ መዓት ስድስት ሯጮችን ያተረፈ አንድ እረኛ ነው። ከዝናቡ በተጠለለበት ዋሻ ውስጥ እሳትና ብርድ ልብስ ነበረውና። የእኛን እረኛ አስታወሰን።

ሌላው ለማዳን በሚደረግ ሩጫ ላይ የሚደርስ አደጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ሰዎችን ሲቀብር፣ ሊያወጧቸው የተሰበሰቡትን ደግሞ ሁለተኛ ናዳ ቀበራቸው። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። እነዚያ የሮጡት ሰዎች ደግነታቸው የሚወቀስ አይደለም። ለእኛ ግን ትምህርት ይሆነናል። ዝናብ በጠገበ ገደል ሥር መቆም፣ ባትሪ ሳይዙ በጨለማ ፍለጋ መውጣት የተጎጂውን ቁጥር ይጨምራል። ፈላጊም ተቆጥሮ፣ ሰዓት ተሰጥቶት ይሂድ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የጻፍነው «ተራራ አትውጡ» ለማለት አይደለም። ኧረ ውጡ! ጅብራው ሰማዩን ተደግፎ ሲቆም፣ ኮሶው ሲያብብ፣ ዕድለኛ ለሆነም ከአገራችን በቀር በሌላ ምድር የማይገኘው የደጋ አጋዘን ብቅ ሲል ማየት ከየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ይበልጣል። ተማሪዎቻችንም ሊያዩት ይገባል። ነገር ግን ወላጅ ልጁን ለመምህር ሲሰጥ ቆጥሮ ነው የሚሰጠው፤ ቆጥሮም ይቀበላል።

በዲክሲስ የቀረውን የልምምድ ጊዜያችንን ስንጨርስ ያን እረኛ ልጅ ለመሰናበት ሄደን ነበር። ደብተርና እርሳስ ይዘንለት። በሩቁ ሲያየን በጣቱ እየጠቆመ ጮክ ብሎ ቆጠረን። 18 ላይ ሲደርስ ሳቀና እጁን አውለበለበልን።

በሚቀጥለው የሽርሽር ቀን በአውቶቡሱ በር ላይ «አንድ!» ብሎ የሚጀምር ድምፅ ስትሰሙ አትሳቁ። «ሁለት!» በሉ።